ግሪን ካርድ ይዞ አርሚ መግባት፦ ችሎታችሁ ሳይባክን ለመመልመልና ለመቆየት

በመጀመሪያው ዩኒቴ አንድ የሐበሻ ልጅ ነበር። አገር ቤት በሲቪል ምሕንድስና ተመርቋል፤ ሁለት ዓመትም ሠርቶበታል። እኔ ስደርስ ግን ሞተር ፑል፣ ማለትም የጦሩ መኪና ማቆሚያና መጠገኛ ውስጥ፣ ከሁላችንም በታች ባለው ማዕረግ፣ የጭነት መኪና ጎማ ይፈትሻል። ሥራው ክፉ ሥራ አይደለም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ልጁ ዲግሪውን ለሪክሩተሩ፣ ማለትም ለመልማዩ፣ ጨርሶ አላሳየም። አንድ ጓደኛው «የውጭ ወረቀት አይቆጥሩም» ብሎት ነበር። አስገምግሞ ቢያቀርበው ኖሮ በስፔሻሊስት ማዕረግ፣ በኢ-4 ደመወዝ ይጀምር ነበር። እሱ የጀመረው በኢ-1 ነው። በአሁኑ የደመወዝ ሰንጠረዥ በሁለቱ መሀል በወር ከ700 ዶላር በላይ ልዩነት አለ።

ይህን የምጽፈው እሱን እያሰብኩ ነው። የአሜሪካ ጦር ችሎታ ያለው ሰው ይፈልጋል፤ ለማግኘትም ለማቆየትም ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ነገር ግን የሚያየው ወረቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው። በቃል የተነገረም፣ በልብ የታሰበም እዚያ ቤት ዋጋ የለውም። እኔ ሦስት ዓመት ፈርሜ ገባሁ፤ አራት ዓመት ጨመርኩ። በሰባቱ ዓመት ካየሁት ለእናንተ ይጠቅማል ያልኩትን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። የምጽፈው በይበልጥ ስለ አርሚ ነው፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ገበያውን እወቁ

አሜሪካ በግዴታ መመልመል ያቆመችው በ1973 ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ወታደር ተለምኖ፣ ተከፍሎት ወይም ወድዶ የገባ ነው። በ2022 አርሚው 60,000 ሰው ፈልጎ 15,000 ጎደለበት። በ2023ም ግቡን አልሞላም። ያኔ ብዙ ነገር ላላ። ቦነሱ አደገ፤ ለስድስት ዓመት ለሚፈርም እስከ 50,000 ዶላር ድረስ ሊደርስ ቻለ። በፈተና ትንሽ ለጎደለው መሰናዶ ኮርስ ተከፈተ። በኤፕሪል 2025 የዝቅተኛ ማዕረግ ወታደሮች ደመወዝ የ10 በመቶ ተጨማሪ አገኘ። በ2024 ግቡ ተሳካ። በ2025 ደግሞ የ61,000ውን ግብ አራት ወር ቀድመው ሞሉት።

ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? ሰው ሲጠፋ ቦነስ ይበዛል፣ በሩ ይሰፋል። ሰው ሲሞላ ይመርጣሉ። ስለዚህ «የአክስቴ ልጅ በ2022 እንዲህ ተደርጎለታል» የሚለው ወሬ ለእናንተ አይሠራ ይሆናል። ቁጥሩን ሁልጊዜ በዕለቱ ጠይቁ።

አንደኛ፦ መግባት ትችላላችሁ?

ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያስፈልጋል። በተማሪ ቪዛ ያለ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀ፣ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው አይገባም። ከ2009 ጀምሮ ማቭኒ የሚባል ፕሮግራም ነበር። የተወሰኑ ቋንቋዎችን የሚናገሩ ሰዎችን፣ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ጨምሮ፣ ያለ ግሪን ካርድ ይቀበል ነበር። ብዙ የሐበሻ ልጅ ገብቶበታል። ከ2016 በኋላ ግን አዲስ ሰው መቀበል ቆሟል። «ተከፍቷል፣ እኔ አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ሌባ ነው። አርሚ ለመግባት ለማንም አንዲት ሳንቲም አይከፈልም።

የዕድሜው ጣሪያ በየቅርንጫፉ ይለያያል፤ በየጊዜውም ይቀያየራል። 35 ሞላኝ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። አየር ኃይልና ባሕር ኃይል በቅርብ ዓመታት ጣሪያቸውን ከ40 በላይ አድርሰዋል።

ከ18 እስከ 25 ዓመት ያላችሁ ወንዶች ደግሞ፣ አርሚ ባትገቡም እንኳ፣ በሴሌክቲቭ ሰርቪስ፣ ማለትም የግዴታ ምልመላ ቢመጣ ተብሎ በሚያዘው መዝገብ፣ መመዝገብ ግዴታችሁ ነው። ግሪን ካርድ ያለውም ይመዘገባል። ይህን ያልነገሩት ስንቱ በኋላ በዜግነት ማመልከቻ ጊዜ ሲቸገር አይቻለሁ።

ስለ ጤናና ስለ ፖሊስ መዝገብ አንድ ነገር ልበል። በየካፌው «አትናገር፣ አያውቁም» የሚል ምክር አለ። አትስሙት። ከ2022 ጀምሮ የምልመላ ሐኪሞቹ ጄነሲስ በሚባለው ሲስተም የሕክምና መዝገባችሁን ማየት ይችላሉ። የአስም መድኃኒት የወሰዳችሁበት ቀን ሳይቀር ሊወጣ ይችላል። አንድን ሕመም ተናግራችሁ ዌቨር፣ ማለትም ልዩ ፈቃድ፣ መጠየቅ ይቻላል። ደብቃችሁ ከተያዛችሁ ግን ነገሩ ማጭበርበር ይሆናል፤ ጦሱም እስከ ዜግነት ይደርሳል።

ሁለተኛ፦ አስቫብ ላይ ጊዜ አጥፉ

በዚህ ሁሉ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህንን እላለሁ። አስቫብ መግቢያ ፈተና ብቻ አይደለም። የምትሠሩትን ሥራ የሚወስነው እሱ ነው።

ዋናው ነጥብ የሚወጣው ከአራት ክፍሎች ነው፦ ከቃላት ዕውቀት፣ ከንባብ መረዳት፣ ከሒሳብ ዕውቀትና በቃላት ከተጻፉ የሒሳብ ጥያቄዎች። የእኛ ልጆች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። የእንግሊዝኛው ክፍል ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ሒሳቡ አንድ አንድ ጊዜ። አገር ቤት ሒሳብ ጎበዝ የነበረ ልጅ ሦስት ወር ሒሳብ ሲያጠና ይከርማል። ከዚያ በቃላቱ ይወድቃል። ጊዜያችሁን ገልብጡት።

ሁለተኛው ስሕተት ቁጥሩን አለማወቅ ነው። 50 ማለት ግማሹን ጥያቄ መለሰ ማለት አይደለም። ፈተናውን ለማነጻጸሪያ ከወሰዱት ወጣቶች ከግማሹ ጋር እኩል ወይም በላይ ሆነ ማለት ነው። አርሚው ዝቅተኛ ብሎ የያዘው 31 ነው። 50ና ከዚያ በላይ ስታመጡ ብዙ ቦነስና ብዙ ሥራ ይከፈታል። ከዚህ ሌላ ጂቲ የሚባል ነጥብ አለ፤ ከእንግሊዝኛውና ከቃላት ሒሳቡ ይወጣል። 110ን አስቡ። ነገ ዜጋ ሆናችሁ መኮንን ወይም ዋራንት ኦፊሰር ልሁን ብትሉ የሚጠየቀው ይህ ቁጥር ነው።

እኔ ያጠናሁት እንዲህ ነው። የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ማታ ማታ እሠራ ነበር። ደረሰኝ ማተሚያው የሚተፋውን ባዶ ወረቀት በመዳፌ ልክ እቀደዋለሁ። ከፊት ቃል፣ ከኋላ ትርጉም። በየምሽቱ 10 ቃል። መኪና በገባ ቁጥር አንድ ወረቀት አነሳለሁ። ያወቅኩትን ወደ ቀኝ ኪሴ፣ ያላወቅኩትን ወደ ግራ። ስምንት ሳምንት። በመጀመሪያው ሙከራ 38 ነበርኩ፤ በዋናው ፈተና 61 አመጣሁ።

ሒሳቡን ደግሞ ካልኩሌተር ሳትነኩ ተለማመዱ። እኛን የሚጥለን ስሌቱ ሳይሆን መለኪያው ነው። አንድ ፉት 12 ኢንች ነው። አንድ ያርድ 3 ፉት። አንድ ጋሎን 4 ኳርት። አንድ ፓውንድ 16 አውንስ። እኛ በሜትርና በኪሎ ነው ያደግነው። እነዚህን አራቱን እንደ አባታችን ሆይ በቃላችሁ ያዙ።

ፈተናው ከከበዳችሁ የሚጠበቀው ጊዜ አለ። በመጀመሪያና በሁለተኛ ሙከራ መሀል አንድ ወር፣ በሁለተኛና በሦስተኛ መሀል ሌላ አንድ ወር፣ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር። ስለዚህ «ልሞክረውና ልየው» ብላችሁ ሳትዘጋጁ አትግቡ። ነጥባችሁ ከ21 እስከ 30 ከሆነ በኦገስት 2022 በፎርት ጃክሰን፣ ሳውዝ ካሮላይና የተጀመረው የመሰናዶ ኮርስ አለ። እስከ 90 ቀን እየተከፈላችሁ ትማራላችሁ። ጥሩ ዕድል ነው። ግን ቤታችሁ ሆናችሁ ሁለት ወር ብታጠኑ የተሻለ ሥራ መርጣችሁ ትገባላችሁ ባይ ነኝ።

ሦስተኛ፦ ወረቀታችሁን ከሪክሩተሩ በፊት ሰብስቡ

ዲግሪ ወይም የኮሌጅ ትምህርት ካላችሁ አስገምግሙ። ናሴስ የሚባል የገምጋሚ ድርጅቶች ማኅበር አለ፤ ከአባሎቹ አንዱን ምረጡ። ከአገር ቤት የታሸገ ትራንስክሪፕት ማስላክ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ዛሬ ጀምሩት። ሙሉ ዲግሪ በስፔሻሊስት ያስገባል። ባትጨርሱም እንኳ 24 ክሬዲት ወደ ኢ-2፣ 48 ክሬዲት ወደ ኢ-3 ከፍ ያደርጋል። የ12ኛ ክፍል ወረቀታችሁም ተተርጉሞ መገምገም አለበት።

ባለትዳር ከሆናችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከነትርጉማቸው። የቤት ኪራይ አበሉም፣ የቤተሰብ ሕክምናውም የሚወሰነው በእነዚህ ነው።

የስም ነገር ሆዴን ይበላኛል። የእኛ ስም በአባት ስም ነው የሚሄደው። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ሦስቱም የተለያየ የመጨረሻ ስም አላቸው። ፈረንጁ ይህን ሲያይ ቤተሰብ አይመስለውም። ደግሞ ፓስፖርት ላይ «ተስፋዬ» በአንድ ፊደል ተጽፎ፣ ጋብቻ ወረቀቱ ላይ በሌላ ፊደል ይመጣል። እኔ በአንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል የተነሳ የባለቤቴ ስም በሲስተሙ እስኪገባ አራት ወር ጠብቄያለሁ። ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ልዩነት ካለ ሳትፈርሙ በፊት አስተካክሉ።

አራተኛ፦ አክቲቭ፣ ሪዘርቭ ወይስ ናሽናል ጋርድ?

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ነጠላ ከሆናችሁና ሕይወታችሁን ልትቀይሩ ከፈለጋችሁ አክቲቭ፣ ማለትም የሙሉ ጊዜ ወታደርነት። ጥሩ ሥራ፣ ቤትና ልጆች ካላችሁ ሪዘርቭ ወይም ጋርድ፤ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ነው። ናሽናል ጋርድ የስቴቱ ስለሆነ አንዳንድ ስቴቶች የመንግሥት ኮሌጅ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። የምትኖሩበትን ስቴት ጠይቁ። ግን ጋርድም ሪዘርቭም ይዘምታሉ። «ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው» የሚላችሁ ሰው ግማሹን ነው የነገራችሁ።

አምስተኛ፦ የሥራ ምርጫና የክሊራንስ ነገር

ዜግነት የሌለው ሰው የሴኩሪቲ ክሊራንስ፣ ማለትም ምስጢራዊ መረጃ የማየት ፈቃድ፣ አያገኝም። ክሊራንስ የሚጠይቅ ሥራ ሁሉ ለጊዜው ዝግ ነው። ኢንተለጀንስ፣ ሳይበር፣ አብዛኛው የኮምፒውተር ሥራ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። መኮንን መሆንም ዜግነት ይጠይቃል። ለግሪን ካርድ ሰው ክፍት ሆነው ብዙ ጊዜ የሚቀርቡት እንደ 88ኤም፣ ማለትም የጭነት መኪና ሹፌር፣ 91ቢ፣ ማለትም መካኒክ፣ 92ጂ፣ ማለትም ምግብ አብሳይ ያሉት ናቸው። ሁሉም የተከበረ ሥራ ነው። ግን የኮምፒውተር ባለሙያ ምግብ ቤት ገብቶ ችሎታው ሲዝግ ማየት ያማል።

ሁለት መንገድ አለ። የግሪን ካርድ አምስት ዓመታችሁ ሊሞላ ስድስት ወር ወይም ዓመት ከቀራችሁና ሙያችሁ ክሊራንስ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ታገሡ። ዜግነታችሁን ይዛችሁ ግቡ። ሪክሩተሩ ይህን አይወደውም፤ እሱ የዚህ ወር ቁጥር አለበት። እኔ ግን የምመክረው እንዲህ ነው። ገና ከመጣችሁ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ከሆናችሁ ደግሞ አትጠብቁ። ክፍት ከሆነው ውስጥ ከጦሩ ውጭም የሚያገለግል ላይሰንስ ወይም ሰርተፍኬት የሚያስገኘውን መርጣችሁ ግቡ። ዜግነቱን ውስጥ ሆናችሁ አግኙ። ሥራውን በሁለተኛው ኮንትራት ትቀይራላችሁ። እኔ ያደረግኩት ይህንን ነው።

አንድ ቀን ክሊራንስ እንደምትጠይቁ ካሰባችሁ ከዛሬ ተዘጋጁ። ኤስኤፍ-86 የሚባለው ቅጽ ውጭ አገር ስላሉ ዘመዶቻችሁ፣ ስለ ጉዟችሁ፣ ስለ ገንዘብ ግንኙነታችሁ ይጠይቃል። ለእናታችሁ በየወሩ የምትልኩት ገንዘብ ወንጀል አይደለም። ደረሰኙን ግን አስቀምጡ። የኖራችሁባቸውን አድራሻዎችም ከነቀኑ ጻፉ። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ቤዝመንት አድራሻ ማስታወስ ቀላል አይደለም።

ስድስተኛ፦ ሜፕስ ውስጥ፣ ፊርማው ጠረጴዛ ላይ

ሜፕስ የሕክምና ምርመራውና ፊርማው የሚካሄድበት የምልመላ ማዕከል ነው። ሙሉ ቀን ይፈጃል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይቀሰቅሷችኋል። ደም፣ ሽንት፣ ዓይን፣ ጆሮ። በውስጥ ሱሪ ቁጢጥ ብላችሁ እንደ ዳክዬ ትራመዳላችሁ። ከሰዓት በኋላ ስትደክሙ፣ ሲርባችሁ፣ ያኔ ነው ኮንትራቱ የሚመጣው። ይህን ቀድማችሁ እወቁት።

ሪክሩተሩ ጠላታችሁ አይደለም። ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው። ግን የሥራ መደቡን የሚሰጣችሁ እሱ ሳይሆን ሜፕስ ያለው ካውንስለር ነው። የእኔው ሪክሩተር «እዚያ ስትደርስ ትቀይረዋለህ» ብሎኝ ነበር። እዚያ ስትደርሱ አይቀየርም።

የእኔን ቀን ልንገራችሁ። ካውንስለሯ ስክሪኑን አዞረችልኝ። ሦስት ሥራ ብቻ ነበር። መካኒክ የለም። «ዛሬ ያለው ይሄ ነው፤ ነገ ይሄም ላይኖር ይችላል» አለችኝ። ልቤ ይመታል። አባቴ የሚለው ትዝ አለኝ፦ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»። «አመሰግናለሁ፣ መካኒክ ሲኖር ደውሉልኝ» ብዬ ተነሳሁ። ሪክሩተሩ በመኪናው ሲመልሰኝ አንድ ቃል አልተናገረኝም። በሁለተኛው ሳምንት ተደወለ። 91ቢ ተከፍቷል፤ ከነቦነሱ።

ተነስቶ መሄድ መብታችሁ ነው። ማንም አያስራችሁም። ከፈረማችሁ በኋላ እንኳ ወደ ስልጠና እስክትላኩ ድረስ ያለው የመጠባበቂያ ጊዜ ዴፕ ይባላል፤ በዚያ ውስጥ ሐሳባችሁን መቀየር ትችላላችሁ።

ኮንትራቱ ዲዲ-4 የሚባል ቅጽ ነው። ከኋላው አባሪዎች አሉት። በጣታችሁ እየተከተላችሁ እነዚህን ፈልጉ፦ የሥራ መደቡ ኮድ፣ የማዕረግ መነሻ፣ የቦነሱ መጠንና አከፋፈሉ፣ የአክቲቭ አገልግሎት ዓመት፣ የመነሻ ቀን። አንዱ ከጎደለ አትፈርሙ። አባሪው ላይ ከሌለ የለም። ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የሚያልፈው መስመር አለ። ሦስት ዓመት ብትፈርሙም ጠቅላላ ግዴታችሁ ስምንት ዓመት ነው። የቀረውን በተጠባባቂነት ስማችሁ ተመዝግቦ ታሳልፋላችሁ።

የእያንዳንዱን ገጽ ኮፒ ይዛችሁ ውጡ፤ ስልካችሁ ላይም አስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቦነሴ አልገባም ስትሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት ያንን ወረቀት ነው።

ሰባተኛ፦ ቤዚክና ዜግነት

ቤዚክ፣ ማለትም መሠረታዊው ስልጠና፣ 10 ሳምንት ነው። ይከብዳል፤ ያልፋል። ሁዳዴ ላይ ከወደቀባችሁ ቄሱን፣ ማለትም ቻፕሊኑን አናግሩ። ሙስሊሞችም በረመዳን እንዲሁ። ሥጋ የሌለው ምግብ አለ። ዝም ብላችሁ ስትራቡ ግን ማንም አያውቅላችሁም።

ዋናው ጉዳይ ዜግነት ነው። በሰላም ጊዜ በሚሠራው ሕግ አንድ ዓመት በክብር ያገለገለ ማመልከት ይችላል። በጦርነት ጊዜ በሚሠራው ሕግ ደግሞ የአንድ ዓመቱ ጥበቃ የለም። ከሴፕቴምበር 11፣ 2001 ወዲህ ያለው ጊዜ በ2002 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እንደ ጦርነት ጊዜ ተቆጥሯል። ቅጾቹ ሁለት ናቸው። ኤን-400 ማመልከቻው ነው። ኤን-426 ማገልገላችሁን ጦሩ የሚመሰክርበት ነው። በወታደርነት ስታመለክቱ ክፍያ የለውም። ጠበቃም አያስፈልግም፤ የወንጀል ጉዳይ ካለባችሁ ግን አማክሩ። የኤን-426 አፈራረም መመሪያ በየአስተዳደሩ ሲቀያየር ኖሯል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የዕለቱን አሠራር ጠይቁ።

ኦሪጅናል ግሪን ካርዳችሁን፣ ፓስፖርታችሁንና የተሞላ ኤን-400 በፕላስቲክ ማኅደር አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ስትደርሱ ለድሪል ሳርጀንቱ፣ ማለትም ለአሠልጣኙ፣ «ዜጋ አይደለሁም፣ ማመልከት እፈልጋለሁ» በሉ። አትፈሩ። አንዳንዶች ከስልጠናው ሳይመረቁ ቃለ መሐላ ፈጽመው ዜጋ ሆነው ይወጣሉ። የእኔ ወረቀት ተጓትቶ የደረሰው ዩኒት ከገባሁ በኋላ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በዚህ መንገድ የተገኘ ዜግነት፣ አምስት ዓመት በክብር ሳታገለግሉ በመጥፎ ጠባይ ከተሰናበታችሁ ሊነጠቅ ይችላል። አንድ ምሽት ጠጥቶ መንዳት የሚያመጣውን አስቡት።

ስምንተኛ፦ በመጀመሪያው ኮንትራት ችሎታችሁን አሳዩ

ዩኒት በደረሳችሁ በመጀመሪያው ወር የጡረታ ቁጠባውን፣ ቲኤስፒን፣ አስተካክሉ። መንግሥት 1 በመቶ በራሱ ይጨምራል። ሁለት ዓመት ስትሞሉ ደግሞ እናንተ 5 በመቶ ካስቀመጣችሁ እሱም በድምሩ 5 ይሰጣል። ከዚያ ያነሰ ካስቀመጣችሁ የሚሰጣችሁን ገንዘብ ትታችሁ መሄድ ነው። ከ2018 ጀምሮ ለገባ ሰው የ20 ዓመቱ ጡረታ ከመሠረታዊ ደመወዙ 40 በመቶ ነው፤ የቀድሞዎቹ 50 ነበር። ልዩነቱን የሚሞላው ይህ ቁጠባ ነው።

የአማርኛ ችሎታችሁን አስመዝግቡ። ጦሩ የራሱ የቋንቋ ፈተና አለው። የትምህርት ቢሮው ሄዳችሁ ለአማርኛ፣ ለትግርኛ ወይም ለኦሮምኛ የሚሰጥ ፈተና መኖሩን ጠይቁ። የቋንቋ አበል ይገኝበት አይገኝበት እንደ ዘመኑ ዝርዝርና እንደ ሥራችሁ ነው። አበል ባይኖረውም ፋይላችሁ ላይ ይቀመጣል። ሰው ሲፈለግ የሚፈለገው በፋይል ነው።

ትምህርት ጀምሩ። ለአንድ ክሬዲት እስከ 250 ዶላር ይከፍላሉ፤ ጂአይ ቢል የሚባለውን የወታደር የትምህርት ክፍያ ሳትነኩ። ኩል የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የሙያ ሰርተፍኬት ፈተናዎችን ይከፍላል። እኔ የመካኒክነት ሰርተፍኬቶቼን በዚህ ነው ያወጣሁት።

ዘጠነኛ፦ ሊያቆዩአችሁ ሲፈልጉ

ሰው ሁሉ ስለ መግቢያው ቦነስ ያወራል። የመደራደር አቅማችሁ ትልቅ የሚሆነው ግን በሁለተኛው ፊርማ ነው። ያኔ የሠለጠናችሁ ናችሁ። በእናንተ ቦታ አዲስ ሰው ለማሠልጠን ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። እነሱም ያውቁታል።

ኮንትራታችሁ ሊያልቅ ከዓመት በላይ ሲቀር ካሪየር ካውንስለሩን ፈልጉት። እስኪጠራችሁ አትጠብቁ። በአርሚ አምስት ምርጫ አለ። እንዲሁ እንዳላችሁ መቀጠል፤ ባላችሁበት ቤዝ ለተወሰነ ጊዜ መርጋት፤ አዲስ ሥራ መማር፤ ውጭ አገር መመደብ፤ አሜሪካ ውስጥ የመረጣችሁት ቤዝ መሄድ። በዚህ ላይ እንደ ሥራችሁና ማዕረጋችሁ ቦነስ ሊኖር ይችላል። የቦነሱ ሰንጠረዥ በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቀየራል። ዛሬ ዜሮ የሆነ ሥራ ከሦስት ወር በኋላ ሊከፈልበት ይችላል፤ በተቃራኒውም። የጦርነት ቀጣና ውስጥ ሆናችሁ ብትፈርሙ ቦነሱ ከግብር ነፃ ነው።

አሁን ዜጋ ከሆናችሁ ያ የተዘጋው በር እዚህ ላይ ነው የሚከፈተው። እኔ ቦነሱን ትቼ አዲስ ሥራ መማርን መረጥኩ። ጓደኞቼ ሞኝ ነህ አሉኝ። የወሰድኩት የኮምፒውተር ኔትወርክ ሥልጠናና ክሊራንሱ ግን ዛሬም እንጀራዬ ነው።

ልጆች ካሏችሁ ስለ ጂአይ ቢል አንድ ነገር አትርሱ። የ36 ወር የትምህርት ክፍያ ነው። አክቲቭ 36 ወር ካገለገላችሁ ሙሉውን ታገኛላችሁ። ለልጅ ወይም ለትዳር ጓደኛ ማስተላለፍ የሚቻለው ግን ስድስት ዓመት አገልግላችሁ፣ ለአራት ዓመት ስትፈርሙ ነው። ከወጣችሁ በኋላ ማስተላለፍ አይቻልም። አንድ የማውቀው ሳርጀንት ይህን የሰማው ዩኒፎርሙን ካስረከበ በኋላ ነው። ሦስት ልጆች አሉት።

መውጣትንም አስቡ። መውጣት ክህደት አይደለም። ስኪልብሪጅ የሚባል ፕሮግራም አለ። አዛዣችሁ ከፈቀደ በመጨረሻዎቹ 180 ቀናት ውስጥ፣ ደመወዛችሁ ሳይቋረጥ፣ የግል ድርጅት ውስጥ ሥራ ትለማመዳላችሁ። ለካውንስለሩ «ሁለቱንም እያየሁ ነው» በሉት። ይህን ስትሉ ጨዋታው ይቀየራል።

አሥረኛ፦ ሳርጀንት ስትሆኑ

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ሰው የምታቆዩት እናንተ ናችሁ።

ጥሩ ልጆች ሲወጡ ብዙ አይቻለሁ። «ለምን?» ስላቸው ደመወዝ ያሉኝ ጥቂት ናቸው። ለኮርስ ሊላክ ሲል «ሰው የለንም» የተባለ አለ። የእረፍት ወረቀቱ ሦስት ጊዜ የጠፋበት አለ። ሚስቱ ስትወልድ ሞተር ፑል ውስጥ የነበረ አለ። ቦነስ ይህን አያክምም።

እኔን ያቆየኝ አንድ ሳርጀንት ነው። ትንሽ አረንጓዴ ደብተር ነበረው። በደረስኩ በሳምንቱ አስቀምጦኝ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ከዚህ በፊት ምን ትሠራ ነበር? ከአምስት ዓመት በኋላ የት መሆን ትፈልጋለህ? ቤትህ ያለ ማን ነው? መልሴን ጻፈ። ብዙ አለቃ የወታደር ምክክር የሚያደርገው ጥፋት ሲኖር ብቻ ነው። እሱ በየወሩ ያደርገው ነበር፤ በ4856 ቅጽ ላይ ጽፎ፣ ኮፒውን ሰጥቶ። ኮርስ ሲከፈት ደብተሩን ገልጦ የማን እንደሆነ ያያል። ሰው ቢያንሰውም ይልካል፤ የጎደለውን ራሱ ይሸፍናል።

እናንተም ከዚሁ ጀምሩ። ደብተር ያዙ። ስማቸውን በትክክል ጥሩ፤ የእኛን ስም ሲያበላሹት ምን እንደሚሰማን ታውቁታላችሁ። ትምህርት ጠያቂውን አትከልክሉ። ዜግነቱ የተጓተተበት ልጅ ካለ ራሳችሁ ይዛችሁት ቢሮ ሂዱ፤ መንገዱን የሄዳችሁበት እናንተ ናችሁ። ጎበዙን ልጅ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ የሰነፎቹን ሥራ አትጫኑት። መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ ዲሴምበር ላይ የጥበቃ ተራ ሲደለደል ስሜን ጃንዋሪ 7 ላይ አየሁት። ምንም አላልኩም። ገናችን መቼ እንደሆነ እዚያ ማን ያውቃል? ማታ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሜ ወደ ዲሴምበር 25 ተዛውሯል። ጃንዋሪ 7 ላይ ያለው ስም የሳርጀንቴ ነው። በደረስኩ ሰሞን «ቤተሰብህ የሚያከብረው በዓል ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆኝ፣ ያቺ ደብተር ላይ ጽፎት ኖሯል። ገናን ከባለቤቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን አነጋን። በማግስቱ ካውንስለሩ ቢሮ ገብቼ ስለ አራቱ ዓመት ጠየቅኩ።